በዛቢክስ ካርታ ላይ የሰርቨሮች ምልክት እንደየዓይነታቸው እንዲለይ እርዳታ እጠይቃለሁ

የተከበራችሁ የኔትወርክ ባለሙያዎች፣

በጎንደር ከተማ በፒያሳ፣ በማራኪና በአዘዞ ቅርንጫፎች ያሉትን የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሮች ዛቢክስ 6.0 በተባለው የኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌር እከታተላለሁ። በመጠሪያ ረገድ ችግር የለብኝም፤ የቴክኒክ ስሙ የአማርኛ ፊደል ስለማይቀበል እሱን በላቲን ትቼ፣ የሚታየውን ስም «አዘዞ ፋይል ሰርቨር» በሚል መልክ ጽፌዋለሁ፤ ሰርቨሮቹን በምልክት የሚያሳየው የዛቢክስ ካርታም ይህንኑ ያሳያል።

ያስቸገረኝ ምልክቱ ነው። የሊኑክስና የዊንዶውስ ሰርቨሮች የተለያየ ምልክት እንዲይዙ ፈልጌ፣ ኢንቬንተሪው (የየሰርቨሩ መረጃ መዝገብ) በራሱ እንዲሞላ አድርጌ፣ የስርዓተ ክወናውን መረጃ የሚሰበስበውን አይተም ከሚመለከተው የኢንቬንተሪ መስክ ጋር አገናኝቻለሁ፤ በኢንቬንተሪው መረጃ መሠረት ምልክት በሚመርጠው በአይከን ማፒንግም ሁለቱን ስሞች የሚፈልጉ ሬጉላር ኤክስፕረሽኖች (የጽሑፍ መፈለጊያ ቀመሮች) አስገብቼ፣ ማፒንጉን በካርታው ቅንብር ውስጥ መርጫለሁ። መስኩ በትክክል ተሞልቶ ይታያል፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ሰርቨሮች ካርታውን ስሠራ የሰጠኋቸውን አንድ ዓይነት ምልክት እንደያዙ ናቸው።

ጉዳዩ የውበት አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ተረኛው ባልደረባዬ ካርታውን አይቶ የትኛው ማሽን ምን እንደሆነ ወዲያው መለየት አለበት፤ አሁን ግን እያንዳንዱን እየከፈተ ለማየት ይገደዳል።

ማፒንጉን ለካርታው መምረጥ ብቻውን አይበቃ ይሆን? በእያንዳንዱ የካርታ አባል ላይ ራስ-ሰር የምልክት መምረጫውን ለብቻው ማብራት ግድ ከሆነ፣ ቀድሞ የተቀመጡትን ሁሉ በአንድ ጊዜ መቀየር የሚቻለው እንዴት ነው? የኤክስፕረሽኖቹ ቅደም ተከተልና የላቲን ፊደላቱ ትልቅ ወይም ትንሽ መሆን ውጤቱን ይለውጠው እንደሆነም ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።