ሚራ ስትደበዝዝ በኢንፍራሬድ ለምን ብዙ አትለወጥም?

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሚራ የተባለችው ተለዋዋጭ ኮከብ በ332 ቀን ገደማ አንዴ ደምቃ፣ ከዚያ በዓይን እስከማትታይ ትደበዝዛለች፤ በኢንፍራሬድ (ዓይን በማያየው፣ ከቀይ ብርሃን በረዘመ ሞገድ) ግን ለውጧ አነስተኛ ነው። ምክንያቱን ለተማሪዎቼ እንዴት ላስረዳ?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦ መምህር፣ የገጽ ሙቀቷ 3,000 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ አብዛኛው ጨረሯ የሚወጣው በኢንፍራሬድ ነው። ስትቀዘቅዝ በከባቢዋ የሚበዛው ቲታኒየም ኦክሳይድ የተባለ ሞለኪውል የሚታየውን ብርሃን ስለሚውጠው፣ ለዓይን የጠፋች ብትመስልም ኃይሏ ያን ያህል አልቀነሰም። በእኔ እምነት ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በ1.6 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መስመር (ጋዙ ከኮከቧ ብርሃን ላይ የሚውጠው ጠባብ የሞገድ ርዝመት) ነው፤ ኮከቧ በምትደምቅበት ሰሞን መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በድንጋጤ ሞገድ (ከድምፅ ፈጥኖ በጋዙ ውስጥ በሚሄድ የግፊት ሞገድ) ተገፍቶ ወደ ውጭ የሚወጣውን፣ ሌላው ተመልሶ የሚወድቀውን ጋዝ ያሳያል። ይህን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ይሣሉላቸው።

መልስ (ከላሊበላ)፦ የምድራችን የውሃ ትነት በ1.4 እና በ1.9 ማይክሮሜትር አካባቢ ከኮከቧ የሚመጣውን ኢንፍራሬድ ይጋርዳል፤ ሚራም የራሷ የውሃ ትነት ስላላት ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የእኛው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ለኢንፍራሬድ ምልከታ የሚያጓጓው፣ አብዛኛው ትነት ከበታቹ ስለሚቀር ነው፤ የክረምቱ ደመና ግን መታሰብ አለበት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የመስመሩን መከፈል ከዶፕለር ትምህርት (የብርሃን ምንጭ ሲቀርብ ወይም ሲርቅ የሞገዱ ርዝመት መለወጥ) ጋር አያይዤ አቀርበዋለሁ።