አሮጌ የእርግብ ሳጥን ገዛሁ፤ በምን ላጽዳው?

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም
እንዴት ሰነበታችሁ? እርግብ ማርባት ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። አገር ለቆ ከሚሄድ ሰው እንቁላል የሚጥሉበት 6 ሳጥን በርካሽ ገዛሁ። አራቱ ጣውላ፣ ሁለቱ ችፑድ ናቸው። ኩሱ እንደ ሲሚንቶ ደርቆባቸዋል። ከከፈልኩ በኋላ ሰውዬው "ጫጩቶቹ እየከሱ አለቁብኝ" አይለኝም! በረኪና ረጭቼ ልገላገል ወይስ ልጣላቸው?

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ
ጣውላዎቹ ይተርፋሉ። ችፑዶቹን እርሳቸው፤ ውኃ ሲነካቸው ያብጣሉ፣ የጠጡትም ቆሻሻ አይወጣም። ለማገዶም አይሆኑም፣ ሙጫው ይጨሳል።

በረኪናው ላይ ግን ቸኩለሃል። ኩስ ላይ ብትረጨው ኃይሉ እዚያው ያልቃል። መጀመሪያ እጠብ። ደረቁንም እንዳትፍቅ፤ ብናኙ ሳንባ ይገባል፣ ከእርግብ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታም አለ። አፍና አፍንጫህን በማስክ ሸፍነህ ውጭ ላይ ሥራ። ሙቅ ውኃ በኦሞ አድርገህ አርከፍክፍበትና ግማሽ ሰዓት ተወው። ያኔ በመፋቂያ ስትነካው እንደ ጭቃ ይለቃል። በብሩሽ እሸው፣ አለቅልቀው፣ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ነው በረኪና። አንድ ኩባያ በረኪና ለዘጠኝ ኩባያ ውኃ፣ የዚያኑ ዕለት የተበጠበጠ። እንጨቱ ለ15 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ከዚያ እጠበው። አቼቶ ወይም የሽንት ቤት አሲድ እንዳትቀላቅልበት፣ ጭሱ መርዝ ነው።

መልስ፣ ከቡሬ
ጋሼ የጻፉት ልክ ነው፣ ግን ቅንቅኑስ? እኔ በዚሁ በበረኪና ብቻ አጥቤ ነው የተቃጠልኩት። እናቲቱ በታቀፈች በአሥረኛው ቀን እንቁላሏን ጥላ ተነሳች። ቀን ባይ ምንም የለም። ማታ በባትሪ ሳይ የሳጥኑ መገጣጠሚያ ይንቀሳቀሳል! በነጭ ሶፍት ብጠርገው ደም ሆነ። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ይተኛል፣ ማታ ወጥቶ የእርግቦቹን ደም ይመጥጣል። ሳጥኑ ባዶ ቢቀመጥም ወራት ሳይበላ ይቆያል፤ ስለዚህ "ከርሟል" ብለህ አትመነው። እኔን የገላገለኝ የፈላ ውኃ ነው። ሳጥኑን ፈታታሁት፣ በየስንጥቁ በጀበና አፈሰስኩበት። ሚስቴ ጀበናዋን እስካሁን አልተቀበለችኝም፣ አዲስ ግዛ ብላለች።

መልስ፣ ከዳንግላ
እኛ ሰፈር የማሳውን ፀረ ተባይ ነው የሚረጩበት። አንዴ ነው፣ ያልቃል።

መልስ፣ ከባሕር ዳር
የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ወንድሜ የዳንግላው፣ ይቅር። የእርግብ ጫጩት ላባ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ቆዳው እንጨቱ ላይ ነው የሚተኛው። የማሳ መድኃኒት እንጨት ውስጥ ይቀራል።

የፈላ ውኃው ለሌላም ይጠቅማል። ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ በረኪናን ይቋቋማል፣ ሙቀት ግን ይገድለዋል። "እየከሱ አለቁ" የሚለው እሱም፣ ካንከር የሚባለው የእርግብ የጉሮሮ በሽታም፣ የሆድ ትልም ሊሆን ይችላል። በወሬ አይለይም። ያንተ እርግቦች መክሳት ከጀመሩ ትኩስ ኩስ ይዘህ አቅራቢያህ ያለ የእንስሳት ክሊኒክ አስመርምር።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ችፑዶቹን ጣልኳቸው። ጣውላዎቹን ፈታትቼ አጠብኩ፣ የፈላ ውኃም በረኪናም አየ። አሁን ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ግን አንዱ ጥግ ላይ እንደ አመድ ያለ ነጭ ብናኝ ቀርቷል፣ እሱስ?

መልስ፣ ከቡሬ
እሱ የቅንቅኑ ቅርፊት ነው የሚመስለው። ያንን ጥግ ድገመው። ሲደርቅ ማታ በባትሪ እየው፣ ሶፍትም ያዝ። ጀበና ግን ከጎረቤት ተዋስ።