የዲቪዲ ድራይቬ «ሲዲ ድራይቭ» ተብሎ ይታያል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለኝ። የዲቪዲ ራይተሩ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ «ማይ ኮምፒውተር» ውስጥ «ሲዲ ድራይቭ» ተብሎ ነው የሚታየው። የመዝሙር ሲዲ ሳስገባ ያለ ችግር ያጫውታል፤ የእህቴ ሠርግ የተቀረጸበትን ዲቪዲ ሳስገባ ግን ጥቂት ከተሽከረከረ በኋላ ዲስክ እንዳስገባ ይጠይቀኛል። ይኸው ዲቪዲ በጎረቤታችን ማጫወቻ በደንብ ይሠራል። ነገሩ የጀመረው አንድ የዲስክ መቅጃ ፕሮግራም ጭኜ መልሼ ካጠፋሁ በኋላ ነው። ያሳየሁት ባለሙያ «ድራይቩ ሞቷል፤ አዲስ ግዛ» ብሎኛል። ሠርጉ ሌላ ቅጂ ስለሌለው በጣም ሰግቻለሁ። አዲስ ከመግዛቴ በፊት ምን ልሞክር?

የመጀመሪያው መልስ

ወንድሜ፣ ለመግዛት አይቸኩሉ። በቅድሚያ መለየት ያለበት ስሙን የሳተው ዊንዶውስ ነው ወይስ ድራይቩ ራሱ የሚለው ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሣው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ፕሮግራም) ገብተው የድራይቩን ስም ያንብቡ፤ እዚያ የሚታየው ስም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ድራይቩ ስለ ራሱ የሚሰጠው በመሆኑ በዊንዶውስ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ሊያዛባው አይችልም። በባዮስ ትክክል ሆኖ በዊንዶውስ ከተሳሳተ፣ ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ መሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ ድራይቩን «አንኢንስቶል» አድርገው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡት፤ ዊንዶውስ ራሱ ፈልጎ መልሶ ይጭነዋል።

ሁለተኛው መልስ

ያጠፉት የመቅጃ ፕሮግራም ትራፊ ትቶ ሳይሄድ አይቀርም። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በዊንዶውስና በድራይቩ መካከል ማጣሪያ («ፊልተር») ያስገባሉ፤ ፕሮግራሙ ሲጠፋ ማጣሪያው አብሮ የማይነሣበት ጊዜ አለ። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበት መዝገብ) ውስጥ «ከረንት ኮንትሮል ሴት»፣ ቀጥሎ «ኮንትሮል»፣ ቀጥሎ «ክላስ» የሚለውን ከፍተው በ4ዲ36ኢ965 የሚጀምረውን ቁልፍ ይፈልጉ። ሌሎቹም በ4ዲ36ኢ9 ስለሚጀምሩ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች አስተውለው ይዩ፤ የተሳሳተውን መንካት ሌላ መሣሪያ ሊያቆም ይችላል። በቀኝ በኩል «አፐር ፊልተርስ» ወይም «ሎወር ፊልተርስ» የሚል ካገኙ፣ መጀመሪያ ቁልፉን «ኤክስፖርት» አድርገው ያስቀምጡ፤ ከዚያ ሁለቱን ብቻ አጥፍተው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡ። አይቲዩንስን የመሰለ ዲስክ የሚቀዳ ሌላ ፕሮግራም ካለዎት ከዚህ በኋላ እንደገና መጫን ሊያስፈልገው ይችላል።

ሦስተኛው መልስ

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሲዲ እያነበበ ዲቪዲ እንቢ ካለ ግን የባለሙያው ግምት ትክክል ሊሆን ይችላል። ለሲዲ የሚያገለግለው የሌዘር ብርሃን 780 ናኖሜትር፣ ለዲቪዲ የሚያገለግለው 650 ናኖሜትር ነው፤ ስለዚህ አንዱ ደክሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል።

የጠያቂው ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባዮስ ውስጥ ስሙ ከነ«ዲቪዲ»ው በትክክል ተጽፏል። አንኢንስቶል ማድረጉ ብቻውን አልለወጠውም። ሬጂስትሪው ውስጥ ሁለቱም ማጣሪያዎች ነበሩ፤ አጥፍቼ ሳስነሣው «ዲቪዲ አርደብልዩ ድራይቭ» ብሎ መጣ፣ ሠርጉም ተከፈተ። እናቴ እህቴን ስትመርቅ ሳይ ዕንባዬ መጣ። አሁን ወደ ሃርድ ዲስክ ለማዛወር ዲቪዲው ላይ ቪዲዮው ያለበትን «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን ፎልደር ብቻ ልቅዳ?

የመጀመሪያው መላሽ

አዎን፣ ፎልደሩን እንዳለ ይቅዱት፤ ውስጡ ካሉት ፋይሎች አንዱንም አይለዩ። ቢበዛ 4.7 ጊጋባይት ነው፣ ባለ ሁለት ንብርብር ከሆነ ደግሞ 8.5። ቅጂው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫወቱን ሳያዩ ዲስኩን አያርቁት፤ በቤት የተቀዳ ዲቪዲ ቀለሙ በፀሐይ ብርሃን ስለሚበላሽ ከመስኮት አጠገብ አያስቀምጡት።