ጥቁር ተዋንያን የሚመሯቸውን ፊልሞች ከልጆቻችን ጋር ስለማየት

የተወደዳችሁ የማኅበራችን አባላት፤

ጥቁር ተዋንያን ከሚሠሩባቸው ፊልሞች መካከል የትኞቹን ከልጆቻችን ጋር ብናይ እንደሚሻል በተነሣው ውይይት ላይ የጻፋችሁትን ሁሉ በጥሞና አንብቤዋለሁ። አንዲት እኅታችን የባርነት ዘመን ፊልሞች ለልጅ ይከብዳሉ፣ ገና በማደግ ላይ ያለን ልጅ አንገት ያስደፋሉ ሲሉ ሥጋታቸውን ገልጸዋል። አንድ ወንድማችን በበኩላቸው ልጆቻችን ኢትዮጵያውያን ስለ ሆኑ የራሳቸውን ታሪክ ማወቃቸው ይበቃል፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ የሌላ ሕዝብ ታሪክ ነው የሚል አሳብ አቅርበዋል። የእኅታችንን ሥጋት እጋራለሁ፤ የወንድማችንን አሳብ ግን በአክብሮት መቃወም እወዳለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአንዳንዶቹን ፊልሞች ፍጻሜ ስለምናገርም ያላያችኋቸው ይቅርታ እንድታደርጉልኝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

እኔና ባለቤቴ ወደዚህ አገር የመጣነው ካደግን በኋላ ነው፤ በአገራችን ሳለን ማንም ሰው ጥቁር ብሎ ለይቶን ስለማያውቅ ራሳችንን በዚያ ዓይን አይተን አናውቅም ነበር። ልጆቻችን ግን የተወለዱት እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ በትምህርት ቤትም ሆነ በመንገድ ላይ የሚያያቸው ሰው ወላጆቻቸው ከጎንደር ይምጡ ከአትላንታ ቆም ብሎ አይጠይቅም። ይህን ነገር በወሬ ደረጃ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ በትክክል የገባኝ ግን ከትልቁ ልጄ ጋር «ጌት አውት» የተባለውን ፊልም ባየንበት ምሽት ነው።

በ2017 የወጣው ይህ የጆርዳን ፒል ፊልም አስፈሪ ከሚባሉት ወገን ነው። ከኡጋንዳውያን ወላጆች እንግሊዝ አገር የተወለደው ዳንኤል ካሉያ ክሪስ የተባለውን ወጣት ሆኖ ይሠራል። ክሪስ ነጭ የሆነችውን ፍቅረኛውን ተከትሎ ከቤተሰቦቿ ጋር ለመተዋወቅ ይሄዳል፤ ሲቀበሉት ከመጠን ያለፈ ደግነት ያሳዩታል፤ ከዚያም ቤቱ ወጥመድ ሆኖ ይገኛል። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ክሪስ ከሞት አምልጦ፣ በደም ተነክሮ፣ ጨለማው መንገድ ላይ ሳለ የፖሊስ የሚመስል መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይመጣል። እኔ «ተመስገን፣ ደረሱለት!» አልኩ። ልጄ ደግሞ በዚያችው ቅጽበት «አለቀለት!» አለ። ክሪስም እንደ ልጄ ነው የገባው፤ ምንም ሳያጠፋ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። የመጣው ጓደኛው መሆኑ ሲታወቅ ልጄ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እኔ ግን ፊልሙን ትቼ እሱን ማየት ጀመርኩ። ዳይሬክተሩ ቀርጾት ኋላ የለወጠው ሌላ ፍጻሜ እንዳለም የነገረኝ ልጄ ነው፤ በዚያኛው ፍጻሜ የመጡት እውነተኛ ፖሊሶች ናቸው፣ ክሪስም ወደ እስር ቤት ይገባል።

በዚያ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ተነጋገርን። ልጄ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እየተዘጋጀ ነበር፤ ፖሊስ ቢያስቆመው ሁለት እጁን መሪው ላይ ማድረግ፣ ሰነድ ከኪሱ ከማውጣቱ በፊትም አስቀድሞ መናገር እንዳለበት ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ተምሮ ነበር። ለጓደኞቹ የነገሯቸው ወላጆቻቸው ናቸው፤ ለወላጆቻቸውም የእነሱ ወላጆች። ወንድማችን የሌላ ሕዝብ ታሪክ ያሉት ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን ልጄ ነገ መኪና ይዞ ሲወጣ የሚያስፈልገው እውቀት ከዚያ ታሪክ ውስጥ የወጣ ነው፤ እኔም ከአገር ቤት ይዤለት የመጣሁት አልነበረም። በ1968 የተሠራውንና ዱዌን ጆንስ የመሪነቱን ቦታ የያዘበትን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ያየ ሰው ደግሞ ሥጋቱ የቆየ መሆኑን ይረዳል፤ ያ ጀግና ሌሊቱን ሙሉ ከሚራመዱ ሙታን ራሱን ካዳነ በኋላ በነጋታው ሊያድኑ በመጡ ታጣቂዎች ጥይት ይሞታል።

እኅታችን ያነሡትን ሥጋት በተመለከተ፣ ልክ ናቸው። የባርነት ዘመን ፊልሞች ለታናናሾች አይደሉም፤ «ትዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ» «አር» የሚል ምልክት ያለበት በመሆኑ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲኒማ ቤት ገብቶ የሚያየው ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ብቻ ነው። ለደረሱት ልጆች ግን ቢያንስ አንዱን ክፍል ብናሳያቸው እመኛለሁ። ፊልሙ በሰሎሞን ኖርዝአፕ እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይህ ሰው ነጻ የተወለደ የኒውዮርክ ነዋሪና ቫዮሊን ተጫዋች ሲሆን፣ በ1841 ተታልሎ ዋሺንግተን ከመጣ በኋላ ታፍኖ ለባርነት ተሸጠ። በታሰረበት ምድር ቤት መስኮት ሆኖ የእርዳታ ያለህ ሲል ይጮኻል፤ ካሜራው ከዚያ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ የከተማው ጣሪያ፣ ከጣሪያው ባሻገርም የካፒቶል ሕንጻ ይታያል። ብዙዎቻችን ታክሲ ስንነዳ ሌት ተቀን የተመላለስንበት ከተማ ነው።

ታሪኩ አይመለከተንም ለሚለው አሳብ ግን ከእኔ የተሻለ መልስ የሰጡት ጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ሲያስተምሩ የኖሩት እኒህ ሰው በ1993 ስለ ባርነት የሠሩትን «ሳንኮፋ»ን ሲያወጡ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን ስላልተቀበሉት ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ ተሰልፎ ያየላቸውም የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰብ ነው። በዚሁ ስም የተጠራው መጻሕፍት ቤታቸው በጆርጂያ አቬኑ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ስላለ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጎራ ብትሉ አትጸጸቱም። በ2008 በሠሩት «ጤዛ» ውስጥ ያለውን አንበርብርንም አስታውሱ። የተማረ፣ የተከበረ፣ አገሩን የሚወድ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ጀርመን አገር በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን ሲያጣ ግን ከየት እንደመጣ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እንዲህ ስል ልጆቻችን መከራን ብቻ ይዩ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም የምፈራው እሱን ነው። ጥቁር ሰው በፊልም ላይ የሚታየው ሲገረፍ፣ ሲታሰር ወይም ዕፅ ሲሸጥ ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ስለ ራሱ የሚይዘው ሥዕል ከዚያ አያልፍም። የሒሳብ ዝንባሌ ላላት ታናሽ ልጄ ያሳየኋት «ሂደን ፊገርስ»ን ነው። ካትሪን ጆንሰን፣ ዶሮቲ ቮንና ሜሪ ጃክሰን ሐምፕተን ቨርጂኒያ በሚገኘው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት (ናሳ) ላንግሊ ምርምር ማዕከል የሠሩ ሊቃውንት ናቸው፤ ጠፈርተኛው ጆን ግሌን በ1962 ምድርን ከመዞሩ በፊት የኮምፒዩተሩን ስሌት በእጇ እንድታረጋግጥለት የጠየቀው ካትሪንን ነበር። ፊልሙ አንዳንድ ነገር ጨምሯል። አለቃው ጥቁሮችን የሚለየውን የመጸዳጃ ቤት ምልክት ሰብሮ ሲያወርድ የሚታየው ክፍል በእውነቱ ዓለም የተደረገ አይደለም፤ ይህን ለልጆች መንገር ይገባል፤ ምክንያቱም ሴቶቹ ክብራቸውን ያገኙት በአንድ ደግ አለቃ ቸርነት እንዳይመስላቸው ነው።

ለፍቅር ፊልም ወዳጆች የምመክረው «ላቪንግ»ን ነው። ዋናዋ ተዋናይት ሩት ነጋ አዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት የተወለደች ስትሆን፣ በዚህ ሥራዋ ለኦስካር ታጭታለች። ሚልድረድና ሪቻርድ ላቪንግ የቨርጂኒያ ሕግ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ ስለሚከለክል በ1958 ዋሺንግተን ሄደው ተጋቡ፤ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ የአካባቢው ሸሪፍ በሌሊት መኝታ ክፍላቸው ገብቶ አሰራቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን የሻረው በ1967 ነው። ፊልሙ የፍርድ ቤት ክርክር አያበዛም፤ ሩት ነጋም አብዛኛውን ነገር የምትናገረው በዓይኗ ነው። ዛሬ በዚሁ ግዛት ልጆቻችን ከመረጡት ሰው ጋር ቢጋቡ የሚከለክላቸው ሕግ የሌለው እነዚያ ሁለት የገጠር ሰዎች ከግዛቱ እንዲወጡ ቢገደዱም በፍርድ ቤት ስለተሟገቱ ነው።

«ብላክ ፓንተር»ን ከእኛ መካከል ያላየ ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን የወደድነው ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት መንግሥት ስላሳየን ነው፤ ነገሩም ከአድዋ ጋር ስለሚመሳሰልብን ኮርተንበታል። እኔ ግን ከንጉሡ ይልቅ በአሜሪካዋ ኦክላንድ ከተማ ተጥሎ የቀረው የአጎቱ ልጅ የሚያነሣው ክስ አላስተኛኝም። ዘመዶቻችሁ በመላው ዓለም ሲረገጡ እናንተ ሀብታችሁንና ኩራታችሁን ይዛችሁ ተቀመጣችሁ ይላል። መንገዱ የጥፋት መንገድ ነው፤ ጥያቄው ግን እውነተኛ ነው፤ ንጉሡም በመጨረሻ ኦክላንድ ድረስ ሄዶ መልስ ለመስጠት ይገደዳል። «እኛ እኮ ሐበሾች ነን፤ እንደነሱ አይደለንም» የሚለውን ንግግር በየቤታችን ስንናገር ልጆቻችን ይሰማሉ። በማግሥቱ በትምህርት ቤት አብረዋቸው የሚቀመጡትና ሲጠቁ አብረው የሚቆሙላቸው ግን እነዚያ «እነሱ» ያልናቸው ልጆች ናቸው።

ስለ ኮሜዲ የጻፋችሁም አላችሁ። «ከሚንግ ቱ አሜሪካ» አሁንም ያስቃል፤ አፍሪካዊው ልዑል አሜሪካ መጥቶ ወለል ሲወለውል ማየት በአገሩ የተከበረ ሥራ ትቶ እዚህ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ለሠራ ሰው ልዩ ትርጉም አለው። አፍሪካን በዝሆንና በአንበሳ ብቻ ማሳየቱ ግን ያኔ በየትምህርት ቤቱ ለነበሩ የአፍሪካ ልጆች መሣለቂያ ማትረፉን መርሳት የለብንም። ለአረጋውያን አባሎቻችን ደግሞ በ1973 የወጣውን «ሻፍት ኢን አፍሪካ» እጠቁማለሁ። በከፊል የተቀረጸው በኢትዮጵያ በመሆኑ የዚያን ዘመን አገር ያሳያል፤ ጭብጡም ድሆችን ከአፍሪካ እያታለሉ ወደ ፓሪስ የሚያሻግሩ ደላሎች ናቸው። ለልጆች አይሆንም።

አሳቤን ከተቀበላችሁት በሚመጣው ወር በአንዱ ቅዳሜ ከ13 ዓመት በላይ ካሉ ልጆቻችን ጋር በአዳራሻችን «ላቪንግ»ን እንድናይ፣ ካየን በኋላም መጀመሪያ ልጆቹ እንዲናገሩ፣ ወላጆች ደግሞ እንድናዳምጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። በአዳራሽ ለሕዝብ ማሳየት መግቢያው ነጻ ቢሆንም የባለመብቱን ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ክፍያውን ጠይቆ ለማሳወቅ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመምጣት የምትፈልጉ ዕድሜያቸውንና የሚመቻችሁን ሰዓት በዚሁ ጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
የሁለት ልጆች አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ