የእንግሊዝኛና የዐረብኛ የቆሻሻ ቃላትን ሁሉ «ቆሻሻ» ብሎ መተርጎም ይበቃል?

ጥያቄ፦ ተርጓሚ፣ ጎንደር (ማራኪ)

ጤና ይስጥልኝ። ቤት ለቤት እየዞሩ ቆሻሻ ለሚሰበስቡ የወጣቶች ማኅበራትና ለአካባቢው ነዋሪዎች የምትታደል አነስተኛ የጽዳት መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነው። በመተማ በኩል ከሱዳን መጥተው እዚህ ተከራይተው የሚኖሩ ቤተሰቦች እንዲያነቧት ስለተፈለገ ከአማርኛው ትይዩ ዐረብኛው ይታተማል፤ ዐረብኛውን ያዘጋጀው ሌላ ባለሙያ ነው።

የገጠመኝ ችግር ይህ ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ዌስት፣ ጋርቤጅ፣ ሪፊውዝ፣ ሊተር፣ ስክራፕ እና ደብሪ የሚሉ ቃላትን እየቀያየረ ይጠቀማል፤ ዐረብኛውም ኑፋያት፣ ቁማማ፣ ሙኸለፋት፣ ፈደላት እያለ ይሄዳል። እኔ ግን ሁሉንም «ቆሻሻ» ካልኩ «ቆሻሻውን ከቆሻሻው ለይታችሁ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ጨምሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊወጣኝ ነው። ከዚህም የከፋው «ፉድ ዌስት» የሚለው ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የሽንኩርት ልጣጭንና የእንጀራ ፍርፋሪን ሲያመለክት፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ሊበላ የሚችል ምግብ መጣሉን የሚወቅስ ይመስላል። እነዚህ ቃላት በእርግጥ የተለያዩ ነገሮችን ይሰይማሉ ወይስ የአነጋገር ልዩነት ብቻ ናቸው? በቋንቋዎቹ የኖራችሁ ብትረዱኝ እወዳለሁ።

መልስ 1፦ የእንግሊዝኛ መምህር፣ አዘዞ

ወንድሜ፣ ከተጠቀሱት ቃላት ከፊሎቹ የሚለያዩት በአገርና በአጻጻፍ ደረጃ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ጋርቤጅ ወይም ትራሽ የሚለውን እንግሊዛዊው ራቢሽ ይለዋል፤ ሪፊውዝ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ ቋንቋ ነው። እነዚህን በአንድ የአማርኛ ቃል ቢጠቀልሏቸው አንባቢው የሚያጣው ነገር የለም። አንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች እርጥቡን የወጥ ቤት ቆሻሻ ጋርቤጅ፣ ደረቁን ትራሽ ብለው መለየታቸው እውነት ነው፤ ጋርቤጅ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታረዱ እንስሳትና የአእዋፍ ሆድ ዕቃ መጠሪያ ስለነበረ ልዩነቱ መሠረት አለው። ነገር ግን መመሪያዎ እርጥብና ደረቅ ማለት ከፈለገ በአማርኛ እርጥብና ደረቅ ብሎ መጻፍ በቂ ነው።

ሊተር ግን ከእነዚህ ጋር አይጠቀለልም። ሊተር የሚያሰኘው ዕቃው የወደቀበት ቦታ ነው። የከረሜላ ወረቀት ገንዳ ውስጥ ከገባ ሊተር አይባልም፤ ፒያሳ አስፋልት ላይ ሲጣል ሊተር ይሆናል። ቃሉ ከአልጋ ስም ወጥቶ ለከብት መኝታ የሚነሰነስ ጭድ መጠሪያ ሆነ፤ ከዚያ በየቦታው የተዝረከረከ ነገር ማለት ሆኖ ቀረ። በአማርኛ አንድ ቃል ከመፈለግ «በየመንገዱ የሚጣል ቆሻሻ» ብለው ዘርዝረው ቢያስቀምጡት ይሻላል፤ ማኅበራቱ የሚቀጡት ወይም የሚመክሩት ሰው ጥፋቱ ቦታው ላይ መሆኑን ይረዳል።

ስክራፕም ራሱን የቻለ ነው፤ ገዢ ያለው ቁርጥራጭ ማለት ነው። «ቆራሌው» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው የሚሰበስበው ስክራፕ ነው፤ ይህን ቆሻሻ ብሎ መተርጎም የሰውየውን ሥራ ያናንቃል። ጀንክ መጀመሪያ የመርከበኞች ያረጀ ገመድ ስም ነበር፤ ዛሬ ቦታ የያዘ የማይረባ ዕቃ ሁሉ ይባልበታል። በነገራችን ላይ እኛም ሰልባጅ የምንለውን ቃል ከዚያው ሠፈር ነው ያመጣነው፤ የእንግሊዝኛው ሳልቬጅ ከሰጠመ መርከብ ወይም ከእሳት የተረፈ ንብረት ማለት ነው።

ወደ ዋናው ችግርዎ ስመጣ፣ ዌስት ምንጩ ባዶ፣ ጠፍ የሚል የላቲን ቃል ሲሆን እንደ ስምም እንደ ግሥም ያገለግላል። ግሥ ሲሆን ማባከን ነው። ስለዚህ «ፉድ ዌስት» አንዱ ቦታ ላይ ትርፍራፊና ልጣጭ፣ ሌላው ቦታ ላይ ብክነት ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱን በአንድ ቃል ስለሚሸፍን ጸሐፊው ራሱ ሳይታወቀው ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። አማርኛ ይህን ሽፋን አይሰጥም፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንብበው መወሰን ግድ ነው። ልጣጭ የምግብ ብክነት አይደለም፤ ሙሉ እንጀራ ገንዳ ውስጥ መጣል ግን ነው።

መልስ 2፦ ገዳሪፍ (ሱዳን) የኖርኩ ነጋዴ፣ አሁን ቅዳሜ ገበያ

ስለ ዐረብኛው የማውቀውን ላካፍል። የዐረብኛ ቃላት ከግሥ ስለሚወለዱ እያንዳንዳቸው ዕቃው ምን እንደደረሰበት ይናገራሉ። ኑፋያት «አባረረ፣ አገር አስለቀቀ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ስደት ወይም ግዞት ማለት የሆነው መንፋ ከዚሁ ሥር ነው። መንግሥትና ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠቀሙት ይህን ነው። ቁማማ «ጠረገ» ከሚለው የወጣ ስለሆነ የእኛው ጥራጊ ነው፤ ሰው በየቀኑ ከቤት የሚያወጣውን ያሳያል። ሙኸለፋት ከኋላ የቀረ ማለት ሲሆን የሕንፃ ሥራ ወይም የፋብሪካ ተረፈ ነገር ይባልበታል፤ የሟች ውርስ ንብረትም በዚሁ ቃል ይጠራል።

ፈደላት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከተረፈ ነገር ስም የመጣ ስለሆነ የማዕድ ትርፍራፊ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሐኪም ሲናገረው ከሰውነት የሚወጣ ዐይነ ምድር ማለት ነው። ዐረብኛውን ያዘጋጀውን ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሳትጠይቁ አማርኛውን ከዚያ አትቅዱ።

ከመዝገበ ቃላት ውጭ ያለው ደግሞ የጎዳናው ቃል ነው። ግብፆች ዚባላ ይላሉ፤ ይህ ዚብል ከሚለው፣ ማለትም ከፍግ የመጣ ሲሆን፣ የካይሮ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ዘባሊን የሚባሉትም ከዚሁ ነው። ሱዳናዊ ጎረቤቶቻችሁ ግን ለዕለት ንግግር ወሰኽ ማለት ይቀናቸዋል፤ ቆሻሻ የሚከመርበትን ቦታ ደግሞ ኮሻ ይሉታል። በግብፅ ኮሻ ሙሽሮች በሠርግ ቀን የሚቀመጡበት ያጌጠ መድረክ ስለሆነ፣ ይህን ቃል በጽሑፍ ከማስገባት በፊት አንባቢው ማን እንደሆነ ማሰብ ነው! ለመተማ መንገድ እንግዶች ኮሻ ከኑፋያት ይልቅ ፈጥኖ ይገባቸዋል፤ ለማስታወቂያ ግን ኑፋያት ይቅደም ባይ ነኝ። ብክነትን በተመለከተ ዐረብኛው እንደ አማርኛው ይለያል፤ ምግብ ማባከን ሀድር ይባላል እንጂ ኑፋያት አይባልም። ስለዚህ መምህሩ ያነሱትን ልዩነት ለማጣራት ትይዩውን የዐረብኛ ገጽ መመልከት ይጠቅማችኋል።

መልስ 3፦ የሕግ ባለሙያ

ከላይ የተሰጡት ማብራሪያዎች ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ጠያቂው «ቆሻሻ»ን ጨርሰው እንዳይሸሹት እሰጋለሁ። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 (ዓ.ም.) ደረቅ ቆሻሻን ይተረጉም የነበረው ፈሳሽም ጋዝም ያልሆነና አይፈለግም ተብሎ የሚጣል ማናቸውም ነገር በማለት ነው። እዚህ ላይ ስለ መቆሸሽ የተባለ ነገር የለም። አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ የሚቆጣጠረው፣ በ1989 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የባዝል ስምምነትም እንዲሁ የሚወገድ፣ ሊወገድ የታሰበ ወይም በአገር ሕግ መወገድ ያለበት ነገር ዌስት ነው ይላል፤ የዐረብኛው ቅጂ ኑፋያት ይለዋል። ስለዚህ በሕግ ቋንቋ «ቆሻሻ» ከመነሻ ትርጉሙ ርቆ «የተጣለ ነገር» ሆኗል። ንጹሕ የሆነ ካርቶን ቆሻሻ መባሉ ለጆሮ ቢከብድም፣ ነዋሪው መብቱንና ግዴታውን የሚያገኘው በዚህ ቃል ነው። መመሪያዋ ላይ ዋናው ቃል «ደረቅ ቆሻሻ» እና «ፍሳሽ ቆሻሻ» ሆኖ ይቆይ፤ ሌሎቹ ቃላት በሥሩ ይግቡ።

መልስ 4፦ በአብነት ትምህርት ያደግሁ፣ የቋንቋ ተማሪ

የሕግ ባለሙያው ለሕጉ ያሉት ትክክል ነው፤ ለሰፈር ሰው ለሚነበብ ጽሑፍ ግን አልስማማም። ቆሻሻ ከቆሸሸ የወጣ ስለሆነ ሰሚው መጀመሪያ የሚያስበው መጠየፍን ነው፤ የሚጠየፉትን ነገር ደግሞ ማንም ሰው እጁን አስገብቶ አይለይም። አማርኛ ግን ልክ እንደ ዐረብኛው ከድርጊት የሚነሱ ቃላት አሉት፦ ከጠረገ ጥራጊ፣ ከወደቀ ውዳቂ፣ ከቆረጠ ቁርጥራጭ፣ ከፈረሰ ፍርስራሽ፣ ከተረፈ ትርፍራፊና ተረፈ ምርት። እንግሊዞችም የታረደ እንስሳ ሆድ ዕቃን ኦፋል ሲሉ ተቆርጦ የወደቀ ማለታቸው ነው፤ ከእኛው ውዳቂ ጋር አንድ መንገድ ነው።

የቀደሙ ተርጓሚዎችም በዚህ ተቸግረው መርጠዋል። በአንደኛ ቆሮንቶስ 4፥13 አማርኛው «የዓለም ጥራጊ የሁሉም ጉድፍ» ሲል፣ የተለመደው የዐረብኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ላይ እድፍንና ወሰኽን ያስገባል። በፊልጵስዩስ 3፥8 ደግሞ አማርኛው «እንደ ጉድፍ እቈጥራለሁ» ሲል፣ ያው ዐረብኛ ኑፋያ ይላል፤ በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በግልጽ የከብት እበት የሚሰየምበትን ቃል ነው የተጠቀመው። አንዱ ነገሩ መባረሩን፣ ሌላው መገማቱን፣ የእኛው ደግሞ ትንሽነቱን አጉልቷል፤ ዐይን ውስጥ የምትገባዋም ጉድፍ ናትና። ጉድፍን ለጽዳት መመሪያ ይጠቀሙበት አልልም፤ ጥራጊን ግን አይተዉት። እናቶቻችን ጧት ግቢ ጠርገው በአሮጌ ሰፌድ የሚያወጡት አመድ፣ ቅጠልና የጤፍ ገለባ ጥራጊ ነው፤ ማንም ቢሆን ሲሰማው ምን እንደሆነ ያውቃል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሕጉ ክፍል ደረቅ ቆሻሻን፣ ለቤት ውስጥ አለያየት ክፍሉ ግን ጥራጊ፣ ትርፍራፊና ቁርጥራጭን ለመጠቀም ወስኛለሁ። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። አንደኛው አተላ ነው፤ እንግሊዝኛው ጠላ ጠማቂዎች አተላቸውን ከሌላው ቆሻሻ እንዲለዩ ይመክራል። ሁለተኛው «ደብሪ» ነው፤ ፍርስራሽ ብዬ ስጽፍ እዚህ አገር አንባቢው ፋሲል ግቢን እንዳያስብ ፈራሁ።

መልስ 2 (ነጋዴው)

አተላ በዐረብኛ ሡፍል ሊባል ይችላል፤ ሆኖም ለከብት የሚሸጥ ነገር ነውና በቆሻሻ ዝርዝር ውስጥ አይግባ። በቅዳሜ ገበያ አካባቢ ባለ ጠላዎች አተላውን በባልዲ አጠራቅመው ከብት አድላቢ መጥቶ ይወስደዋል፤ የሕግ ባለሙያው ባነበቡልን ትርጉም መሠረት ደግሞ የማይጣል ነገር ቆሻሻ አይደለም። «አተላ ለከብት መኖነት ይለይ» ብላችሁ አልፉት።

መልስ 1 (መምህሩ)

ስለ ፍርስራሹ የተሰማዎት ስጋት ተገቢ ነው። እንግሊዝኛ ለሚጠበቅ ጥንታዊ ሕንፃ ሩይንስ፣ ለሚጫን ድንጋይና ጭቃ ደግሞ ረብል ወይም ደብሪ ይላል፤ ዐረብኛም የመጀመሪያውን አጥላል፣ ሁለተኛውን አንቃድ ብሎ ይለያል። አማርኛ ለሁለቱም ፍርስራሽ ስለሚል ገላጭ ቃል ማስቀደም ያስፈልጋል። «የግንባታ ፍርስራሽ» ብለው ከጻፉ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ግቢ ጋር የሚያሳስት ነገር አይኖርም። በዐረብኛው ገጽ ላይም አንቃድ ወይም የሕንፃ ሙኸለፋት መባሉን ያረጋግጡ፤ አጥላል ተብሎ ከታተመ አንባቢው በጋሪ ጭኖ እንዲያወጣ የታዘዘው የነገሥታቱን ግንብ ይመስለዋል።