ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ልጆች የቤት አያያዝ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ምን የት ይማሩ? (ጥቆማ)

ክረምት ሲቃረብ ወላጆች አንድ ጥያቄ ይደጋግማሉ። «ልጄ 9ኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ምግብ ሥራ የት ላስተምራት?» ደስ የሚል ጥያቄ ነው። የኔ ጥቆማ ግን ከምግብ አይጀምርም፣ ከግዢ ነው። ቤት የሚያስተዳድር ሰው መጀመሪያ ብሩ የት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። ወንዶች ልጆቻችሁንም ጨምሩ። ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ወይም ቤት ተከራይተው ሲወጡ ያው ሽንኩርት ነው የሚገዙት።

መማሪያ ቦታው ብዙ ነው። ጉሊት ለሁሉም ቅርብ ነው። ትንሽ ትንሽ መግዛት ይቻላል፣ ከደንበኛ ጋር ዱቤም አለ። ግን ቲማቲምና ሽንኩርት ብዙ ጊዜ በመደብ ነው የሚሸጠው። ልጁ መደቡን ገዝቶ ቤት ሲደርስ ይመዝነው። በ50 ብር የተገዛው መደብ 800 ግራም ቢመዝን ኪሎው 62 ብር ከ50 ወጣ ማለት ነው። ይህንን ሂሳብ አንዴ በእጁ ከሠራው ቀጥሎ ገበያ ሲወጣ ሳትነግሩት ያሰላዋል።

የእሁድ ገበያ ለኔ ከሁሉም ይሻላል። ዋጋው በኪሎ ነው፣ ከሻጭ ሻጭ እየዞሩ ማወዳደር ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ከሰፈር ሱቅ ይረክሳል። በጠዋት መሄድ ነው፤ ረፈድ ካለ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ ያልቃል። የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ለዘይት፣ ለስኳርና ለዱቄት ጥሩ ነው። ችግሩ የፈለጋችሁት ዕቃ ሁልጊዜ አይገኝም።

ሱፐርማርኬት ውድ ቢሆንም ለአንድ ትምህርት አቻ የለውም፤ የማሸጊያ ጽሑፍ ለማንበብ። አንድ የታሸገ ዕቃ ያንሳና የተመረተበትን ቀን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የተጣራ ክብደቱንና ምን እንደተጨመረበት ይፈልግ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በኛ አቆጣጠር የሚያስብ ልጅ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ብሎ ጊዜው ያለፈበትን ሊገዛ ይችላል። ጨው ሲገዛም አዮዲን ያለው መሆኑን ይይ። ቤት ሲገባ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጥ ላይም ወደ መጨረሻው ይጨመር፤ ሙቀት አዮዲኑን ይቀንሰዋል።

መብቱንም ይወቅ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም። ደረሰኝ መጠየቅ እንደ ነውር የሚቆጠርበት ሰፈር አለና ልጆች ሳያፍሩ መጠየቅ ቢለምዱ ደስ ይለኛል።

ወጪ ለመመዝገብ ደብተር ወይስ ቴሌብር? ቴሌብር የከፈሉትን ይዞ ያስቀምጣል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለጀማሪ ግን ጥሬ ብርና ደብተር እመርጣለሁ። ብሩ ከእጅ ሲወጣ ይታያል። የሳምንቱን የአትክልት ብር ስጡት፣ ቢጎድለውም ቶሎ አትሙሉለት።

አሁን ወደ ምግቡ። የግል ማሰልጠኛዎች ብዙ ናቸው፣ ብዙዎቹም ኬክና ፒዛ ላይ ያተኩራሉ። ልጁ ኬክ ከወደደ ጥሩ ነው። ሽሮ፣ ምስርና አልጫ ለመማር ግን ያን ያህል ብር አያስፈልግም፤ እናት፣ አክስት ወይም አያት ከማንም በላይ ያስተምራሉ። የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች፣ እንደ ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌትና እንጦጦ ያሉት፣ ከመደበኛው ሌላ አጫጭር ስልጠና የሚሰጡበት ጊዜ አለ። የሚሰጠው ሙያ ስለሚለያይ በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። የደረጃ ስልጠናና ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ገና ለ9ኛ ክፍል ልጅ አይደለም፣ አትቸኩሉ።

የትም ይማሩ፣ የእሳት ጉዳይ ግን ቤት ውስጥ ይሰጥ። የጋዝ ሲሊንደር ሲቀየር መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ። አረፋው ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነውና ወዲያው ይዘጋ፣ መስኮት ይከፈት፣ ክብሪትም መብራትም አይነካ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ። ሽታ የሌለው ጭስ ነው ሰው የሚገድለው፣ በየክረምቱ ቤተሰብ እያጣንበት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ ስጋት ነጻ ቢሆንም ቆጣሪ ይበላል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ 2 ሰዓት ቢበራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ታሪፉም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ ይወደዳል። እንጀራው አንዴ ተጠራቅሞ ቢጋገር፣ ልጁም ከመጋገሩ በፊትና በኋላ ቆጣሪውን ቢያነብ ጥሩ ነው።

ልብስ ስፌት ላይ አጭር ነኝ። መጀመሪያ መርፌና ክር፤ ቁልፍ መትከል፣ የሱሪ እግር ማሳጠር፣ የተተረተረ መስፋት። ለዚህ የሰፈር ልብስ ሰፊ ከኮርስ ይሻላል፤ የሚጠገን ልብስ በየቀኑ ይመጣለታል። ማሽን መግዛት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከአዲስ ኤሌክትሪክ ይልቅ ያገለገለ የእግር ሲንጀር እመክራለሁ። መብራት ሲጠፋም ይሠራል፣ የሚጠግነውም ሰው አይጠፋም።

የግል ማሰልጠኛ ለመረጣችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክፍል ገብታችሁ እዩ። አንድ ምድጃ ላይ ስንት ተማሪ ይቆማል? ልጁ ራሱ ያበስላል ወይስ ቆሞ ያያል? የግብዓቱን ወጪ ማን ይችላል? እጅ መታጠቢያው የት ነው? ላሳያችሁ አይሆንም ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።