ባሕር ዳር አዲስ ለገባ ቤተሰብ፦ የት እንብላ፣ ልጆቹንስ የት እናናፍስ?

ጥያቄ (አዲስ ገቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሥራ ዝውውር ባሕር ዳር ገብተን ፔዳ አካባቢ ተከራይተናል። መኪና የለንም። የ4 ዓመት ሴት እና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን፤ እናቴም አብረውን ናቸው፣ ጾም ያጠብቃሉ። ጥሩ ዓሣና ጥሩ የጾም ምግብ የሚሠራ ቤት በምን ይታወቃል? ልጆች የሚጫወቱበት ሐይቅ ዳር የቱ ጋ ነው፣ በስንት ሰዓትስ ይሻላል? ጀልባስ ከትንሿ ጋር ያስኬዳል? የቤት ስም ብቻ ሳይሆን መለያውን ብትነግሩኝ፣ ቤቱ ቢዘጋ ወይም ወጥ ሠሪዋ ብትቀየር ሌላ ራሴ መፈለግ እችላለሁ።

መልስ (ጣና ዳር)

እንኳን በደኅና መጣችሁ እህቴ። እዚህ ከተማ ከቦታው በፊት ሰዓቱን መምረጥ ይቀድማል። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ይናወጣል። ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ማታ ጥለው ንጋት ላይ ስለሚያነሡ ትኩስ ዓሣ ምሳ ላይ እንጂ እራት ላይ አይጠበቅም። ለልጆች ሐይቅ ዳር የሚመቸው ወይ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ጀልባ ጠዋት፣ ዓሣ ምሳ፣ ሽርሽር አመሻሽ። ብዙ ሰው የሚያማርረው ይህን ገልብጦ ሲይዘው ነው፤ በ8 ሰዓት ጀልባ ይሳፈርና ልጆቹን ያስመልሳቸዋል፣ ማታ በ2 ሰዓት ዓሣ ያዝዝና ከማቀዝቀዣ የወጣ ይቀርብለታል።

ለመጀመሪያ ቀን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወደ ሐይቁ ወርዳችሁ ዳር ዳሩን በእግር ሂዱ። ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ጥላው ለእናትሽም ይመቻል። ማንጎ መዝናኛም ሐይቁ ዳር ነው፤ እሑድ ከሰዓት ስለሚጨናነቅ ልጅ ይዞ ለመቀመጥ የሥራ ቀን አመሻሽ ይሻላል። ውሃው ጠርዝ ላይ አጥር የሌለባቸው ቦታዎች ስላሉ ትንሿን የያዘው ሰው በውሃው በኩል ይሂድ፤ ጠረጴዛ ስትመርጡም ልጆቹ ሲሯሯጡ የሚሄዱበት አቅጣጫ ወደ ውሃ እንዳይሆን ተመልከቱ።

ወንዝ ማየት ከፈለጋችሁ ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ የእግረኛ መንገድ አለው። ዓባይ ዳር ያለው የሰማዕታት ሐውልት ግቢም ሰፊ ነው፣ የ9 ዓመት ልጅ እንደ ልቡ ይሯሯጥበታል። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ አቀበት ስለሆነ ከእናትሽ ጋር በባጃጅ ውጡ፤ ዓባይ ከላይ ሲታይ ያምራል። ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ መንግሥት አቅጣጫ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ግን ጠባቂ ጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ደንገልና ቄጠማ ያለበት ጠርዝ ላይ አትቀመጡ።

መልስ (ዓሣ ነጋዴ)

ስለ ዓሣው እኔ ልጨምር። ከጣና የሚወጡት የሚበሉ ዓሣዎች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ቀረሶ፣ ነጭ ዓሣ (ቢልጫ የሚሉትም አሉ) እና አምባዛ። ለ4 ዓመት ልጅ ቀረሶ ነው የሚሻለው፤ አጥንቱ ትልልቅና በቀላሉ የሚለቀም ነው። ነጭ ዓሣ ጣዕሙ ጥሩ ሆኖ ሥጋው ውስጥ ሹካ የሚመስሉ ቀጫጭን አጥንቶች አሉት። ሙሉ ጥብስ ላይ ጎንና ጎኑን አቀራርበው የሚተለትሉት ለማማር ብቻ አይደለም፤ ቢላው እነዚያን ቀጫጭን አጥንቶች ይቆራርጣቸዋል፣ የጋለው ዘይት ደግሞ ገብቶ ያደርቃቸዋል። ትልታሉ ተራርቆ ከመጣ ለልጅ አትስጪ።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። በዚህ ምክንያት የማይበላው ምእመን ብዙ ነው። በሙሉ ጥብስ ሲመጣ ይለያል፤ በጉላሽ፣ በዱለት ወይም በኮተሌት ከመጣ ግን ዓይን አይለየውም። «ከምንድን ነው የተሠራው?» ብለሽ ከማዘዝሽ በፊት ጠይቂ፣ በተለይ እናትሽ ካሉ።

ትኩስነቱን ጥሬውን ከሚያሳይ ቤት እዩ። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ጉንጩ ሲገለጥ ውስጡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት መልሶ የሚነሣ መሆን አለበት። ዓይኑ ጎድጉዶ ከደፈረሰ፣ ጉንጩ ውስጥ ቡናማ ከሆነ ተይው። ጥሬ ዓሣ መርጦ ማስጠበስ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል። በ5 ደቂቃ የቀረበ ሙሉ ጥብስ ቀድሞ ተጠብሶ የቆየና የተሞቀ ነው፤ ጭራውና ክንፉ ጥቁር ሆኖ ሥጋው ክር ክር የሚለው ለዚህ ነው። ዘይቱን ከሽታው ታውቂዋለሽ፦ ገና በር ላይ የሚኮሰኩስ የተቃጠለ ሽታ ካለ ዘይቱ ብዙ ቀን ተመላልሶበታል።

ቤት ለመሥራት ከገዛሽ፣ አንድ ኪሎ ሙሉ ቀረሶ ተገፎ፣ ጭንቅላትና አጥንቱ ወጥቶ ንጹሕ ሥጋው ከሲሶ ብዙም አያልፍም። ለአምስት ሰው ፍሌቶ ከፈለግሽ 3 ኪሎ ያህል ሙሉ ዓሣ ያዢ። ጥሬውን ወይም ለብለብ ብቻ ያለውን ለልጆች አትስጪ፣ የጣና ዓሣ ላይ ጥገኛ ትል ይገኛል፤ መሐሉ ድረስ ሲበስል ይሞታል። በሁዳዴ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ጠዋት ካልደረስሽም ደኅናው አልቆ ታገኚዋለሽ።

መልስ (የሽምብጥ ነዋሪ)

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ላይ ብቻ እለያለሁ። ሐይቅ ዳር የምትከፍሉት ለእይታውም ነው። ለሳምንታዊ ምሳ መሐል ከተማውን ፈልጉ። መለያው ቀላል ነው፦ በሥራ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ መንግሥት ሠራተኛና ባጃጅ ነጂ ጎን ለጎን የተቀመጠበት ቤት። ሠራተኛው ሰዓት የለውም፣ ባጃጅ ነጂው በየሰፈሩ በልቶ ያወዳድራል። ባጃጅ ስትሳፈሩ «ጥሩ ሆቴል የት አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ እንግዳ መሆናችሁን አይቶ ውዱን ያሳያችኋል። «አንተ ምሳ የምትበላው የት ነው?» በሉት።

የጾም በያይነቱ ረቡዕና ዓርብ ብሉ። በፍስክ ቀን ብዙ ቤት ለሁለትና ለሦስት ሰው ብቻ ስለሚያዘጋጅ ዓይነቱ ያንሳል፣ ከትናንት የተረፈም ሊገባበት ይችላል። በጾም ቀን ግን ትሪው ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ ሁሉም ትኩስ ነው። ሰዓቱንም አስተውሉ፦ ብዙ ጿሚ እስከ 9 ሰዓት ስለሚቆይ፣ በተለይ በሁዳዴ፣ ሁለተኛው ትኩስ ዙር የሚወጣው ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም በያይነቱ ፈልጋችሁ ብትዞሩ ላታገኙ ትችላላችሁ። ሥጋ ቤት ደግሞ በሁዳዴ አብዛኛው ይዘጋል።

ሒሳብ ላይ፦ ትልልቅ ሆቴሎች ሜኑ ላይ የሚጽፉት ዋጋ 15 በመቶ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ያልተካተተበት ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። በቴሌብር መክፈል የተለመደ ነው፣ ግን ኔትወርክ ሲቆራረጥ እንዳትቸገሩ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ለባጃጅ የመንገድ ስም ወይም የስልክ ካርታ አይጠቅምም፤ ጊዮርጊስ፣ ፓፒረስ፣ ፔዳ፣ ዓባይ ማዶ እያላችሁ በታወቀ ቦታ ተናገሩ። ከሌላ ሰው ጋር ተጋርቶ በመስመሩ መሄድና ኮንትራት መያዝ ዋጋቸው በጣም ይራራቃል። ዝም ብላችሁ ከገባችሁ እንደ ኮንትራት ሊቆጠር ስለሚችል ከመግባታችሁ በፊት «በመስመር ነው?» በሉ። ማታ ለመውጣት ካሰባችሁ የዕለቱን የእንቅስቃሴ ሰዓት ገደብ ጠይቁ፤ መመለሻ ባጃጅ የምታገኙት በዚያው ልክ ነው።

መልስ (ጀልባ ላይ የምሠራ)

ከትንሿ ጋር ያስኬዳል፣ ግን በቅርቡ ጀምሩ። ደብረ ማርያም ገዳም ቅርብ ስለሆነ ለመጀመሪያ ይበቃል። ዘጌ በተራ ሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሲደርሱም ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በቡናው ጫካ ውስጥ የእግር ጉዞ አለ፣ ልጅ መታዘል ሊፈልግ ይችላል። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባበትም፤ እናንተ ሦስት ሴቶች ናችሁ፣ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላችሁ እንዳትጠብቁ ከጉዞው አስወጡት። በ1 ወይም 2 ሰዓት ጠዋት ተነሥታችሁ ከ6 ሰዓት በፊት ተመለሱ።

ከመሳፈራችሁ በፊት እነዚህን ጨርሱ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? የትኞቹ ቦታዎች ይደረሳሉ? ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? ገዳም መግቢያ የየራሱ ክፍያ ስላለው በጀልባው ዋጋ ውስጥ አይታሰብም። ሙሉ ክፍያውን ስትመለሱ ስጡ።

ላይፍ ጃኬቱን ቀላል ነገር አታድርጉት። ለልጅ የትልቅ ሰው ጃኬት ማልበስ ዋጋ የለውም፤ ውሃ ውስጥ እጇ ወደ ላይ ሲነሣ ጃኬቱ በጭንቅላቷ ሾልኮ ይወጣል። ዳር ላይ ሳላችሁ ዚፑንና ቀበቶውን አጥብቁ፣ እጇን ታንሣ፣ ከዚያ በትከሻው በኩል ይዛችሁ ወደ ላይ ጎትቱ። አገጯን አልፎ ጆሮዋ ጋ ከደረሰ ሰፍቷታል። በልኳ ከሌለ ያን ቀን አትሂዱ፣ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ዓባይ መውጫው ጋ ጉማሬ ለማየት ስትሄዱም ነጂው እንዲጠጋ አትገፋፉት፤ ጉማሬ ጠልቆ ከጀልባው ሥር ሊነሣ ይችላል።

መልስ (የጤና ባለሙያ)

ልጆቹ ውሃው ዳር እግራቸውን እንዳይነክሩ አደራ። በጣና ጠርዝ፣ በተለይ ሣርና ደንገል ባለበት የረጋ ውሃ፣ የቢልሃርዝያ ትል ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ይኖራል። ትሉ በጥቂት ደቂቃ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል፤ በፎጣ ማድረቅ አስተማማኝ አይደለም። ነክረው ከሆነ ወዲያው የሚታይ ነገር አትጠብቁ፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ «ሐይቅ ገብተዋል» ብላችሁ ሰገራ አስመርምሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፣ በልጁ ክብደት ተለክቶ የሚሰጥ ስለሆነ ከመድኃኒት ቤት በግምት አትግዙ።

ወባም አለ። ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ሲሆን ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል። ሐይቅ ዳር የምታመሹ ከሆነ ከ12 ሰዓት በፊት ረጅም እጅጌና ሱሪ አልብሷቸው፣ ማታ አጎበር ሥር ይተኙ። ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ደም አስመርምሩ።

መልስ (ብስክሌተኛ)

ለ9 ዓመቱ ልጅ ብስክሌት ማንም ያላነሣው ጉዳይ ነው፤ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ አያገኝም። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ላይ ጠዋት ይንዳ። ስትከራዩ የፊትና የኋላ ፍሬኑን እያስሮጣችሁ ሞክሩ፣ ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑ፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ የሁለቱም እግሩ ጣቶች መሬት መንካታቸውን እዩ። መያዣ ሲጠይቋችሁ ዋናውን መታወቂያ አትስጡ፣ ኮፒ ወይም ገንዘብ አስይዙ።

ጠያቂዋ (አዲስ ገቢ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ጢስ ዓባይን ለማየት መቼ እንሂድ? እናቴ ደግሞ በጾም ዓሣም አይበሉም፤ ልጆቹ ዓሣ በሚበሉበት ቤት ለእሳቸው ምን ማዘዝ ይሻላል?

መልስ (ጣና ዳር)

ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነሐሴ፣ መስከረም፣ ቢበዛ ጥቅምት ሂዱ፤ በበጋ አብዛኛው ውሃ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚሄድ ገደሉን ነው የምታዩት። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል፣ ለእናትሽ ዱላ ያስፈልጋል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም በዚያው መስመር ከሚሠሩ ሾፌሮች ጠይቁ።

መልስ (የሽምብጥ ነዋሪ)

ለእናትሽ የተጠበሰ ነገር አታዝዢላቸው። ዓሣ ቤት ውስጥ ድንችም ሳምቡሳም ብዙ ጊዜ የሚጠበሰው በዚያው በዓሣው ዘይት ነው። ተጋቢኖ በራሱ ድስት ስለሚሠራ ይሻላል፤ «ለብቻው ማማሰያ ይሁን» በዪ፣ አይከፋቸውም፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴና በፍልሰታ ወጥ ቤቱ ራሱ ስለሚጠነቀቅ የቅቤ ሥጋት የለውም። መጠንቀቅ ያለብሽ በሰኔ ጾምና በነቢያት ነው፦ ጿሚው ስለሚያንስ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ብዙ ቤት እንደ ፍስክ ይሠራል፣ ጎመኑና ሽሮው ላይም ቅቤ ይገባል። በነዚያ ቀናት «የጾም አለ?» ብቻ አትበዪ፣ አለ ይሉሻል። «ቅቤ ያልገባበት፣ ዛሬ በዘይት የተሠራው የትኛው ነው?» ብለሽ ወጥ ሠሪዋን እንዲጠይቁልሽ አድርጊ።